ሥዕሉ ይቆይ

ጋሽ ዚያድ መሞቱን የሰማሁት ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። የነገረኝ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ነበር፤ እሱም ሊገበያይ መጥቶ ነው የተገናኘነው። ሰዓት ሠሪው ትናንት ማረፉን፣ በዚያው ቀን መቀበሩን፣ ለቅሶው መጋላ ሠፈር እቤቱ መሆኑን ነገረኝ። «ነፍሱን ይማር» አልኩና ወደ ሽንኩርቱ ተመለስኩ። የበሰበሰውን ከደህናው ለይቼ ሦስት ኪሎ አስመዘንኩ። በዋጋም ተከራከርኩ። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ፌስታሉን ጭኔ ላይ ሳስቀምጥ ነው ሰውየው ከእንግዲህ ወደ መስኮቴ እንደማይመጣ ያሰብኩት። ሰው የሚሰማውን ነገር እኔም እስኪሰማኝ ድረስ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ቤት ደርሼ ሽንኩርቱን ስልጥ እንኳን ዓይኔ አላነባም።

የምሠራው ፖስታ ቤት ነው፤ ቴምብር በሚሸጥበትና ደብዳቤ በሚታተምበት መስኮት። ጋሽ ዚያድ ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ በረንዳ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ብዙም የማትሰፋ የመስታወት ሱቅ ነበረችው። አንድ ሰው፣ አንድ በርጩማና ብዙ የቆሙ ሰዓቶች ትይዛለች። አገሩ ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ማየት ከጀመረ ወዲህ ሥራው ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ብቻ ሆኖ ነበር። እሱ ግን አያማርርም። ወረንጦውና ዓይኑ ላይ የሚሰካት ማጉያ ሌላ ሥራ አግኝተዋል። ጋሽ ዚያድ የዓለም ቅርስ የተባሉ ቦታዎች ሥዕል ያለባቸውን ቴምብሮችና ፖስታዎች ይሰበስባል። የላሊበላን፣ የፋሲልን፣ የአክሱምን፣ የጥያን ድንጋዮች፣ ከውጭ ደግሞ የግብጾቹን ፒራሚድ፣ የቻይናን ግንብ፣ ከዓለት የተፈለፈለችውን ፔትራን።

አባቱ የመናዊ፣ እናቱ የጀልዴሳ ኦሮሞ ነበሩ። አራት ቋንቋ ይናገራል፣ ሲቸኩል አራቱንም ባንዴ። አላገባም። መጋላ ውስጥ ከእህቱ ከዘሃራ ጋር ይኖራል። ሳልህ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው፤ ገና በወጣትነቱ ወደ አባቱ አገር ሄዶ ሰንዓ ልብስ ሰፊ ሆኗል። ስለ ሳልህ የማውቀው ይህንና አልፎ አልፎ ፖስታ እንደሚልክ ብቻ ነበር።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «እርስዎ» አልኩት፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። ቀና ብሎ አየኝና ድሬ ውስጥ እርስዎ የሚባለው የተጠላ ሰው ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ እለዋለሁ። እናቴ በሰማች ቁጥር ለእኔ ታፍርልኛለች።

በዚያው ሰሞን የፋሲል ግንብ ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ አምጥቶ ሰጠኝ። እኔም አሠልጣኜ እንዳሳየኝ ማኅተሙን አንስቼ መሐል ግንቡ ላይ አሳረፍኩበት፤ ጠረጴዛው ተናወጠ። ጋሽ ዚያድ ፖስታውን በመስኮቱ ቀዳዳ መልሶ ወስዶ ለረጅም ጊዜ አየው። አልተቆጣም። ግንቡ ስንት ዘመን ቆሞ አንቺ በአንድ ምት አፈረስሽው አለኝ። በማግስቱ ከሰዓት በፊት ሰው በሌለበት ሰዓት መጣና ሥራዬን አስተማረኝ። ጋዜጣ አጥፈሽ ከሥር ታነጥፊያለሽ። ቀለሙን መጀመሪያ ውዳቂ ወረቀት ላይ ትሞክሪያለሽ። ከዚያ ሩቡ ቴምብሩ ላይ፣ የቀረው ፖስታው ላይ እንዲያርፍ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ትጫኚያለሽ። ሥዕሉ እንዳይሸፈን፣ ቀኑም ንጹሕ ወረቀት ላይ አርፎ እንዲነበብ። «ማኅተም አይመታም፣ ይቀመጣል» ይል ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለእሱ ስሠራ ሲያዩኝ መሲ ሕፃን ታስተኛለች ይሉኛል።

ለእሱ ፖስታ የሚገዛ ነገር አይደለም። የሚፈልገው የላሊበላ ሥዕል ያለበት ቴምብር ላሊበላ ሄዶ፣ በላሊበላ ማኅተም ተመትቶ፣ በመንገዱ ተንገላትቶ ድሬዳዋ ሲደርስለት ነው። ሥዕሉ፣ ቦታውና ቀኑ አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ኒካሕ ይለዋል፣ ጋብቻ ማለቱ ነው፤ ያለ ምስክር ኒካሕ የለም፣ ምስክሩ ቀኑ ነው ይላል። ስለዚህ በራሱ ስም አድራሻ የጻፈበትን፣ ቴምብር የለጠፈበትን ፖስታ በሌላ ትልቅ ፖስታ ውስጥ አድርጎ እዚያ ላለው ፖስታ ቤት ይልካል። ከሱ ጋር አጭር ደብዳቤ ይጨምራል፦ ውድ ወንድሜ ወይም እህቴ፣ እባክህ ወይም እባክሽ ቀስ ብለህ ወይም ብለሽ። ውስጡ ከባዶ ክርታስ በቀር ምንም አይኖርም። የሚልኩለትንም ሁሉ ምንም አትጻፉ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ የውስጥ ቀለም ወደ ውጭ ያልፋል ብሎ ይፈራል።

አልበሙ ከባድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ገጽ አለው። ገና ያልመጣ ከሆነ ገጹ ላይ በእርሳስ «በመንገድ ላይ» ብሎ ይጽፋል። ፖስታው ሲደርስ አልበሙን ይዞ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል፤ ላጲስ ያለው እኔ ጋ ነው፣ ስንት ጊዜ ሰጥቼው ስንት ጊዜ ጠፍቶበታል። እኔ መቼም ሰው ነኝና ዓይኔ ወደ ሥዕሉ ይሄዳል። እሱ በአውራ ጣቱ ይሸፍንብኛል። «ሥዕሉ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቀኑን» ይላል። ቀኑን ጮክ ብሎ ያነበዋል። ከዚያ የእርሳሱን ጽሑፍ አጥፍቶ ፍርፋሪውን እፍ ይልና «ደረሰ» ይላል። ይህን ሁሉ ጊዜ የሰዓት ሠሪ አመል ነው ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ ቻይናዊ የባቡር ቴክኒሻን ሰዓት ሊያሠራ መጥቶ፣ ጋሽ ዚያድ ዋጋውን በገንዘብ አልቀበልም እንዳለው አስታውሳለሁ። እናቱ ከግንቡ አጠገብ ካለ ፖስታ ቤት ፖስታ ትላክልኝ አለው። ሰውየው በአስተርጓሚ ሦስት ጊዜ አስጠይቆ ማመን አቃተው። ከወራት በኋላ ፖስታው መጣ። ጋሽ ዚያድ ከቻይናዊው እናት ጋር በማይግባቡበት ቋንቋ በየዓመቱ የበዓል ካርድ ይላላክ ጀመር።

ራሱ ግን የትም አይሄድም። የሐረር ጁገልን ፖስታ እንኳን ያሳተመው በፖስታ ልኮ ነው። ሐረር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ናት፤ ሄደህ ምሳህን በልተህ ማሳተምና መመለስ ትችላለህ ብለን ስንት ቀን ቀለድንበት። «አቦ፣ እኔ ከሄድኩ እዚህ ማን ይቀበላል?» አለ። ለሁሉም መልሱ ይህ ነበር። ለሠርግ ሲጠራም፣ ሐጅ አትሄድም ወይ ሲባልም። እኛ ስንፍና ነው ብለን ደምድመናል።

ከትርፍ ፖስታዎች ቴምብር የማላቀቅ ሥራም ነበረው፤ አላቅቆ ለትምህርት ቤት ልጆች ይሰጣል፣ ከሌላ ሰብሳቢ ጋርም ይለዋወጣል። ለዚህም ደንብ ነበረው። «የቆሸሸና የተቀደደ ለውሃ፣ ንጹሑ ለአልበም።» ቀትር ላይ ከተማው በሙቀት ሲተኛ፣ እሱ የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን ላይ ለብ ያለ ውሃ አድርጎ ቁራጭ ፖስታዎቹን ይዘፈዝፋል። አትሳቢው፣ ራሱ ይለቃል ይላል። ቴምብሩ ሲለቅ በወረንጦ አውጥቶ በጀርባው ጋዜጣ ላይ ያሳርፈዋል፣ ከዚያ በወፍራም መጽሐፍ ይጫነዋል። እኔም ቆሜ አይቼ ተማርኩ። አስተማረኝ ማለትም ይቻላል። ከዚህ ሰው የተማርኩት ሁለት ሥራ ነው፤ አንዱ ማኅተም ማስቀመጥ፣ ሌላው ቴምብር ማጠብ። በሁለቱም ጎበዝ ነኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሁለቱ ዓይኖቹ ደፈረሱ። ሰዓት ሠሪ ዓይን ከሌለው ምን አለው? ሐረር ያሉ ዘመዶቹ ለቀዶ ሕክምና ወሰዱት፤ የትም የማይሄደው ሰው በዓይኑ ምክንያት ሄደ። ከመሄዱ በፊት የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። ከሰንዓ የሚመጣ ካለ ለብቻው አስቀምጪልኝ፣ ሌላው ይቆይ አለኝ። ምክንያቱን አልጠየቅኩም፤ የማውቀው መሰለኝ። አልበሙ ውስጥ የሰንዓ ገጽ ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳልህ የሚልካቸው ፖስታዎች የወፍና የቡና ተክል ሥዕል ያለባቸው ነበሩ፤ የአሮጌዋን ሰንዓ ቴምብር ፈልጌ እልካለሁ ብሎ ቃል ከገባ ቆይቷል። ስለዚህ ቴምብሩን የሚጠብቅ መሰለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት መጣ። እንዲህ ዓይነት ፖስታ በሥራዬ ብዙ አላየሁም። አንዱ ጫፍ ተቀድዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ውሃ ነክቶት ወረቀቱ ቡናማ ሆኖ ተጨማድዷል። በቀዳዳው በኩል የተለመደው ባዶ ክርታስ ይታያል። ከቀኝ በኩል ከላይ ግን ያ ቴምብር አለ፤ መስኮቶቻቸው በነጭ የተከበቡ ረጃጅም የጭቃ ሕንፃዎች፣ ልክ ሰው በጣቱ የቀባቸው የሚመስሉ። እንዲህ ያለ መንገድ አልፎ ቴምብሩ ከዳር ጥርሶቹ አንድ እንኳን አልጎደለበትም። ደስ አለኝ። ዓይኑ ድኖ ሲመጣ በንጹሕ ላስቲክ አድርጌ ልሰጠው አሰብኩ። የቆሸሸና የተቀደደ ለውሃ ነው፤ ደንቡን ያወጣው እሱ ነው።

ቤት ወስጄ ሰሃን ላይ ለብ ያለ ውሃ አደረግኩ። አልሳብኩትም፤ ራሱ ለቀቀ። ቀለም ትንሽ ወደ ውሃው ወጣ። በጋዜጣ አደረቅኩት፣ በመጽሐፍ ተጫንኩት። የቀረውን የራሰ ፖስታ ጨምቄ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

ጋሽ ዚያድ ጥቁር መነጽር አድርጎ ተመለሰ። ጁገልን አይቼዋለሁ፣ በአንድ ዓይን ነው ያየሁት፣ ቴምብሩ ላይ ይሻላል ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔም ላስቲኩን አውጥቼ በመስኮቱ ቀዳዳ ገፋሁለት። ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ማጉያዋን ዓይኑ ላይ ሰካ። መጀመሪያ ፊቱ በራ። ወዲያው ቴምብሩን ገለበጠው። ጀርባው ነጭ ነው። እንደገና ገለበጠው።

«ፖስታውስ?» አለኝ።

ተቀድዶ ነበር፣ ቆሽሾ ነበር፣ ጣልኩት አልኩት። ውሃው ለብ ያለ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ጎበዝ፣ ጥርሱ አንድም አልጎደለ አለኝ። ቴምብሩን ደረት ኪሱ ከተተ። «አብሽሪ» አለኝ፣ አይዞሽ እንደማለት፤ እኔ ግን ለምን አይዞሽ እንደሚለኝ አልገባኝም። ማጉያዋን ዓይኑ ላይ እንደሰካት መንገዱን ተሻገረ፤ አንድ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋበት።

በማግስቱ ጠዋት መጥቶ የሠፈራችን ቆሻሻ የት እንደሚደፋ ጠየቀኝ። በጋሪ የሚወስደው ልጅ ደቻቱ ወንዝ ዳር እንደሚጥለው ነገርኩት። ምን ጠፍቶህ ነው ስለው እንዲሁ ነው አለ። ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ተዘግታ ትውላለች። ጥበቃችን በድልድይ ሲያልፍ አይቶት መጥቶ አወራ፤ ጋሽ ዚያድ ደረቁ ወንዝ ውስጥ በዱላ ቆሻሻ ይቆፍራል፣ አንዳንዱን ወረቀት በወረንጦ እያነሳ ያያል አለ። የደንበኛ ሰዓት ጠፍቶበት ይሆናል አለ አንዱ። ሌላው የቀዶ ሕክምናው ዓይኑን ሳይሆን ጭንቅላቱን ነክቶት ነው አለ። መሥሪያ ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን ላይኛው አገር ዘነበና ደቻቱ ሞልቶ ወረደ። ከዚያ በኋላ ሱቁን መክፈት ጀመረ።

ቁልፉን ልመልስለት ስል አንቺ ጋ ይቀመጥ አለኝ። እንደ ድሮው ይመጣል፣ ይቀልዳል፣ ላጲስ ይጠይቃል፣ ቀኑን ጮክ ብሎ ያነባል። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድም ቀን ስለዚያ ፖስታ አላነሳም። እኔም ጭራሽ ረስቼው ነበር።

ለቅሶ የሄድኩት ቀፊራ ከሰማሁ በማግስቱ ነው። ወንዶቹ ከውጭ ድንኳን ውስጥ ነበሩ፤ ሴቶቹ እቤት ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ዘሃራን ከዚያ በፊት ያየኋት ሁለት ጊዜ ያህል ነው፤ እንደሱ ቀጭን ናት፣ እንደሱ በዝግታ ነው የምትናገረው። አቅፋ ሳመችኝ። ሴቶቹ ለሶላት ሲነሱ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። አልበሙ አልጋው ላይ ነበር። ገጾቹን ገለጠችና አንዱ ላይ አቆመች።

የሰንዓ ገጽ ነው። ቴምብሬ፣ ያጠብኩት ቴምብር፣ ከላይ በቀኝ በኩል ተለጥፏል። ዙሪያውን ጋሽ ዚያድ በእርሳስና በማስመሪያ አንድ ፖስታ የሚያህል ሳጥን አስምሯል። ቴምብሩ ጥግ ላይ ሩብ ክብ የማኅተም ቀለም አለ፤ እዚያም ያለው ሰው በደንቡ ነው ያስቀመጠው። ጋሽ ዚያድ ያን ሩብ ክብ በእርሳስ ቀጥሎ ሙሉ ክብ አድርጎታል። ሰዓት ሠሪ ነውና ክቡ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። መሐሉ፣ ቀኑ የሚጻፍበት ቦታ፣ ባዶ ነው። ከሥር «በመንገድ ላይ» ይላል።

ዘሃራ አጠገቤ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ዚያድ ለዓይኑ ሐረር ከመሄዱ በፊት፣ ሰንዓ ላይ ቦምብ ሲወርድ፣ የሳልህ ስልክ ዝም አለ። የነበረበት መንገድ በአንድ የረመዳን ሳምንት ተመታ። ከዚያ የመጡ ሰዎች አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ቀደም ብሎ ወጥቷል፣ አንዱ አላየሁትም አሏቸው። ከዚያ አገር ፖስታ ሲመጣ ደግሞ የትም ተቀምጦ፣ በማን በማን እጅ አልፎ፣ ከወራት በኋላ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ዚያድ ሳልህ ፖስታ ከላከ ቀኑ ይነግረናል አላት። ከረመዳን በፊት ከሆነ ምንም አናውቅም። ከረመዳን በኋላ ከሆነ ወንድማችን በሕይወት አለ፣ እንፈልገዋለን። ሳልህ ፖስታውን ራሱ ይዞ ሄዶ፣ ዓይኑ እያየ ሳያሳትም አይመለስም። ይህን ቃል ከወንድሙ ጋር የተጋቡት በልጅነታቸው ነው።

«አንቺን እንድጠይቅሽ ስንት ጊዜ ለመንኩት» አለችኝ። «ከጠየቅሻት ምን እንዳደረገች ታውቃለች፣ እኔ እያለሁ አትጠይቂያትም አለኝ። አሁን እሱ የለም። መሲ፣ ወላሂ አልተቀየምኩሽም። ሼኹ ለሙታን ዱዓ ሲያደርጉ ስም ይጠይቁኛል፤ የዚያድን ሰጠሁ። የሳልህን ልጨምር አልጨምር አላወቅኩም። ፖስታውን በእጅሽ ይዘሽዋል። ቀኑ ስንት ነበር?»

ደነገጥኩ ብል ደስ ባለኝ። እጄን ነበር የማየው። በቀን ውስጥ ስንት ማኅተም ነው የማነበው፤ ሥራዬ ቀን ማንበብ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ሰሃኑን አስታወስኩ፣ ውሃውን፣ የተጨማደደውን ወረቀት፣ ወደ ውሃው የወጣውን ቀለም። ነጭ የተቀቡትን መስኮቶች አንድ በአንድ ልቆጥራቸው እችላለሁ። ከሥዕሉ አጠገብ ክብ ነበረ። ክቡ ውስጥ ቁጥር ነበረ።

«አላየሁትም» አልኳት። «ሥዕሉን ነው ያየሁት።»

ዘሃራ ራሷን ነቀነቀች። አልበሙን ከጭኔ ላይ አንስታ ዘጋችው። ሻይ ልታስመጣልኝ ወጣች። ሻዩን ጠጣሁ፤ ስኳሩ በዝቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ወደ ቤቴ በእግሬ ነው የተመለስኩት። ድልድዩ ላይ ቆሜ ወደ ደቻቱ አየሁ፤ አሸዋው ደረቅ ነው፣ ፍየሎች ፌስታል ያላምጣሉ። እንባ ይመጣል ብዬ ጥቂት ጠበቅኩ። የመጣብኝ ያ የመሥሪያ ቤቱ ሳቅ ነው፤ የራሴን ድምፅ ከሌላው ለይቼ ሰማሁት።

ሥራ ገባሁ። ማንም ምንም አላለኝም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ጠዋት የማኅተሙን ቀን እቀይራለሁ፣ ውዳቂ ወረቀት ላይ እሞክራለሁ፣ ሥራ እጀምራለሁ። ሣጥኑንም እከፍታለሁ፤ ቁልፉን ማንም አልተቀበለኝም። በሦስተኛው ሳምንት ውስጡ አንድ ፖስታ አገኘሁ። አድራሻው በጋሽ ዚያድ እጅ የተጻፈ ነው፣ ያ ቀጥ ያለ ጽሕፈቱ። ከመሞቱ በፊት ወደ ኮንሶ የላከው ነበር።

ሥዕሉን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩና ቀኑን አነበብኩ። ከሞተ በአራተኛው ቀን የታተመ ነው። ማኅተሙ ቆንጆ ተቀምጧል፣ ሩቡ ቴምብሩ ላይ። የጋሽ ዚያድ እጅ፣ ጋሽ ዚያድ የሌለበት ቀን። መሞቱን የማያውቅ ሰው ቢያገኘው ሰውየው በዚያ ቀን በሕይወት ነበረ ይል ነበር። እንግዲያውስ የሳልህም ቀን ምንም አይነግራቸውም ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። አልሆነም። ሳልህ ፖስታውን ራሱ ሄዶ ነው የሚያሳትመው።

ከሰዓት በኋላ ፖስታውን በጋዜጣ መሐል አድርጌ፣ ላጲሴን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ መጋላ ሄድኩ። ዘሃራ አልበሙን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ቀኑን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷም እንደሱ ራሷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ። የኮንሶን ገጽ አገኘሁ፣ «በመንገድ ላይ» የሚለውን አጠፋሁ፣ ፍርፋሪውን እፍ አልኩ። ፖስታውን ቦታው ላይ አደረግነው። «ደረሰ» አለች ዘሃራ።

አልበሙን ከመዝጋቴ በፊት ገጾቹን ስገልጥ የሰንዓ ገጽ ላይ ደረስኩ። ባዶው ክብ እዚያው ነው፤ ጽሑፉም ከሥሩ። ላጲሱ እጄ ላይ ነበር። ምን ላደርግ እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት ምንም።

ዘሃራ እጇን እጄ ላይ አደረገች። «እሱን ተዪው» አለችኝ። «ሳልህ ሲመጣ ራሱ ያጥፋው።»

ላጲሱን አልበሙ አጠገብ ትቼላት ተነሳሁ።